ነጋድራሱና ኬላው፦ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጉምሩክ ሥራ ዐይን ሲታዩ

ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የኢኮኖሚ ሐሳባቸውን ይመረምራል፤ ማዕርጋቸውን ግን እንደ ስም ቅጥያ ያልፈዋል። ነጋድራስ ጥንት የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ፣ ኋላም የጉምሩክ ሹምና የነጋዴዎች ዳኛ ነበር። ሐሳባቸው ከኬላው ተነጥሎ ሊነበብ አይገባም የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው።

ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በ1889 በመተማ ጦርነት ከሞቱ በኋላ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ቆዩ፤ ከዚያም በምጽዋ ወደብ በቆመች መርከብ ተሸሽገው አውሮፓ ገቡ። በኦስትሪያና በጀርመን አድገው ተማሩ። ይህ የልጅነት ታሪክ አስገራሚ በመሆኑ ይመስላል፣ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ከተገቢው በላይ ይቆዩበታል።

ከተመለሱ በኋላ በ1912 በአስመራ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው ካነሣቸው የማሻሻያ ሐሳቦች አንዱ የጉምሩክ ሥርዐት ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን ነጋዴ መንገድ መከተል ይበቃል። ከጎጃም ተነሥቶ ዐባይን የተሻገረ፣ በሰላሌ አድርጎ ከእንጦጦ በጉለሌ በኩል ወደ አራዳ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ በየገዥው ግዛት ኬላ ይጠብቀዋል። ባንዱ ኬላ መክፈሉ ለሚቀጥለው ይለፍ አይሆነውም ነበር፤ የጭነቱ ዋጋ በየኬላው ይንራል፣ ትርፉም ይመነምናል።

የውጭው ሸቀጥ ጉዳይ ሌላ ነው። በጥር 1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ 10፣ በመጠጥ ላይ ደግሞ ከመቶ 8 እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። እንግዲህ በባቡር የመጣው የአውሮፓ ሸቀጥ በውል የተገደበ ቀረጥ ሲከፍል፣ የአገሬው ምርት በገዛ አገሩ ደጋግሞ ይቀረጣል ማለት ነው። ገብረ ሕይወት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው በኢትዮጵያና በአውሮፓ መካከል ያለው ንግድ እኩል አለመሆኑን ሲያስረዱ፣ ባቡሩም ያለ ዕውቀት ብቻውን አገር እንደማያበለጽግ ሲከራከሩ፣ ከበርሊን ትምህርት ይልቅ ይህ የቀረጥ መዛባት ይበልጥ የሚያብራራቸው ይመስለኛል።

የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው መሾማቸው ከዚሁ መዛባት ጋር ፊት ለፊት አገናኛቸው። ድሬዳዋ ባቡር በ1902 መጨረሻ የደረሰባት፣ የገቢና የወጪ ንግድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እዚያ የተቀመጠ ሹም የውጭውን ዕቃ ዋጋ ያውቃል፤ ቀረጡን ከውሉ ወሰን በላይ ከፍ አድርጎ የአገር ውስጡን እጀ ጥበብ ለመጠበቅ ግን ሥልጣን የለውም። ለአገር ውስጥ ሥራ መከለያ ይሆናል ያሉት ቀረጥ ከእጃቸው ውጭ ሆኖ፣ የሚነቅፉት ኬላ በየአውራጃው ቆሞ ሳለ ሠሩ።

በ1919፣ ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው በጳውሎስ መናመኖ አሳታሚነት በ1924 በአዲስ አበባ ሲወጣ የአገር ውስጥ ኬላዎች ገና አልተነሡም ነበር።