የጆሮን አሠራር በስልክ ቤተ ሙከራ የመረመሩት ጆርጅ ቮን ቤኬሺ

መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በውስጥ ጆሮ የሚተከለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከሚመራባቸው ዋና ዋና ዕውቀቶች አንዱ የተገኘው በሆስፒታል ሳይሆን በመንግሥት ፖስታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

የግኝቱ ባለቤት ዶክተር ጆርጅ ቮን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1899 በሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ከዲፕሎማት አባት ተወለዱ። በ1923 በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በአገሪቱ ፖስታ መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ የስልክ ግንኙነትን ጥራት ማሻሻል ነበር። ይሁንና የስልኩን ጉድለት ለመለየት አስቀድሞ የጆሮን አሠራር ማወቅ እንደሚያስፈልግ ተገነዘቡ።

ተመራማሪው ከአስከሬን በተወሰደ ውስጥ ጆሮ ላይ የብር ብናኝ በመነስነስ፣ ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን እየታገዙ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ድምፅ ኮክሊያ በሚባለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ክፍል ውስጥ እንደ ማዕበል ይጓዛል። ቀጭን ድምፅ በመግቢያው፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ በጫፉ አካባቢ ከፍተኛውን ንዝረት እንደሚፈጥር አረጋገጡ።

ቤኬሺ በ1946 ወደ ስዊድን፣ በ1947 ወደ አሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። በ1961ም በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1978 በአውስትራሊያ ሜልቦርን በርካታ ኤሌክትሮዶች ያሉት መሣሪያ በሰው ጆሮ ሲተከል፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ በዚሁ የድምፅ ቅደም ተከተል የየራሱን ሥፍራ እንዲያነቃቃ ታስቦ ነበር። ፈተናው የኤሌክትሪክ ጅረት በአንድ ሥፍራ ተወስኖ አለመቅረቱ ነው። ጅረቱ ከኮክሊያ ውጭ ወዳለ መመለሻ ሲፈስ አነስተኛ ኃይል ይበቃዋል፤ ነገር ግን በሰፊው ይሰራጫል። በሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮዶች መካከል ሲመላለስ ጠበብ ባለ ሥፍራ ይወሰናል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ለማሰማት ግን ከፍ ያለ ጅረት ይጠይቃል። የጅረት መሰራጨት ድምፆችን ያደባልቃል፤ በጫጫታ መካከል ንግግርን መለየትም ያስቸግራል። ያም ሆኖ ጠባቡ ስልት ለሁሉም ተጠቃሚ የተሻለ መስማት አያስገኝም።

የሕያው ሰው ጆሮ ቤኬሺ በአስከሬን ካዩት ይልቅ ድምፆችን አጥርቶ እንደሚለይ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። እርማቱ ግን የድምፆቹን ቅደም ተከተል አልሻረውም።

ከ1966 ጀምሮ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ያገለገሉት ቤኬሺ በሰኔ 1972 በሆኖሉሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የስልክን ችግር ለመፍታት ሲሉ የደረሱበት ግኝት፣ የትኛው ድምፅ ለየትኛው ኤሌክትሮድ እንደሚመደብ ለሚወስኑ ባለሙያዎች ዛሬም መመሪያ ሆኖ ያገለግላል።