የፌዝ ዶክተር እና የማይታይ ሕመም፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሞሊየር ኮሜዲ በኩል ሲታይ

የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ሲነሣ አስቀድመው የሚታወሱት የታሪክ ተውኔቶቹና ትራጀዲዎቹ ናቸው። የእሾህ አክሊል፣ ሀሁ በስድስት ወር፣ ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት እና ቴዎድሮስ በየጊዜው ይጠናሉ፤ ይተነተናሉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከፈረንሳዊው ሞሊየር ወደ አማርኛ የመለሳቸው ሁለት ኮሜዲዎች፣ ታርቱፍ እና የፌዝ ዶክተር፣ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት በትርጉም ሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወት ከሁለተኛው ኮሜዲ አንጻር ይመለከታል። የፌዝ ዶክተር ሕመምንና አካል ጉዳትን በሳቅ መድረክ ላይ ያቆመ ሥራ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው ከውጭ በማይታይ፣ ሥር በሰደደ ሕመም ነው።

ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ደግሞ ዘራቸው ከአንኮበር የሚመዘዝ አማራ ነበሩ። ስለዚህ የትውልድ ሐረጉ በአንድ በኩል ከምዕራብ ሸዋ፣ በሌላ በኩል ከሰሜን ሸዋ ደጋ ጋር ይገናኛል።

በዚህ ደጋ፣ በሌላውም የአማራ አገር እንደሚታወቀው፣ አውሮፓዊው ቴአትር ከመግባቱ አስቀድሞ ከሕመም ጋር የተሳሰረ የክዋኔ ባህል ነበረ። ላሊበላዎች ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ ያወድሳሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይመርቃሉ፤ ምጽዋታቸውን ተቀብለው ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። ዜማውን ቢተዉ ሥጋ ደዌ ይወጣባቸዋል የሚለው እምነት የሥራቸው መሠረት ተደርጎ ይነገራል። አዳማጩ በቤቱ ውስጥ ተኝቶ ድምፅ ይሰማል እንጂ በሽታ አያይም። ሊመጣ ይችላል ስለሚባለው ደዌ ብሎ ይሰጣል፤ በቀልዱም ይስቃል። ጸጋዬ ከዚህ ባህል በቀጥታ ቀድቷል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የማይታይ ሕመምና ሳቅ በአንድ ክዋኔ መገናኘታቸው ለአገሩ ተመልካች እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ጸጋዬ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየ። ከዚያ በጄኔራል ዊንጌት እና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ ከቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤትም በሕግ ተመረቀ። ሕግ ግን ሥራው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 በለንደን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትር ሥራን አጠና።

ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሞሊየር ቤት እየተባለ ይጠራል። ሞሊየር በመጨረሻው ተውኔቱ የሕመምተኛውን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት የተቀመጠበት ወንበርም እስከ ዛሬ ድረስ በቅርስነት የሚጠበቀው በዚሁ ቤት ነው። የዚህ ወንበር ታሪክ ለርእሰ ጉዳያችን መሠረታዊ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ሞሊየር ለዓመታት የደረት ሕመምተኛ ነበር፤ ሳሉንም ከመድረክ አልደበቀውም። እ.ኤ.አ. በ1668 ባቀረበው የንፉጉ ሰው ኮሜዲ ሳሉን ለገጸ ባሕርዩ አዋሰው፤ አንድ እግሩን የሚያነክሰው የቡድኑ ተዋናይ ሉዊ ቤዣርም እንዳነከሰ እንዲጫወት አደረገ፤ ማነከሱንም በቃለ ተውኔቱ ውስጥ አስገባው። በየካቲት ወር 1673 ደግሞ ራሱን በሽተኛ ነኝ ብሎ ያሳመነ ጤነኛ ሰው ሆኖ ቀረበ። በአራተኛው ትዕይንት ምሽት በመድረክ ላይ ሳለ ሕመሙ ተነሣበት፤ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች እንደሚሉትም መንቀጥቀጡን በሳቅ ሸፈነው። ወደ ቤቱ ተወስዶ በዚያው ሌሊት ሞተ። ተመልካቹ ጤነኛ ሰው ሕመምተኛ ሲያስመስል አያለሁ ብሎ ሲስቅ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ግን ሕመምተኛ ሆኖ ጤነኛውን የሚያስመስል ሰው ነበር።

ጸጋዬ ወደ አገሩ ተመልሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኪነ ጥበብ ኃላፊነት ሲሠራ የመረጠው ግን ይህን የመጨረሻውን ተውኔት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1666 የቀረበውን የግዳጅ ሐኪሙን ኮሜዲ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሚስቱን የሚደበድብ አንድ እንጨት ፈላጭ አለ። ሚስቱ ብድሯን ለመመለስ ስትል፣ ዱላ ካልቀመሰ ሙያውን የማያምን ታላቅ ሐኪም ነው ብላ ለሁለት አሽከሮች ታሳብቅበታለች። እነርሱም ደብድበው ሐኪምነቱን ያሳምኑትና አንደበቷ ወደ ተዘጋ የአንድ ሀብታም ሴት ልጅ ይወስዱታል። ልጅቱ ግን መናገር ትችላለች፤ ዝም ያለችው ከማትወደው ሰው ጋር ላለመጋባት ነው። ሐሰተኛው ሐኪም የማያውቀውን ላቲን ይደረድራል፤ ልብን በስተቀኝ፣ ጉበትን በስተግራ ያደርጋል። ላቲኑ ለአዲስ አበባ ተመልካች ባዕድ ቢሆንም ሁኔታው ባዕድ አይደለም፤ ትርጉሙ ያልተገለጠ አስማት እያነበነበ ክታብ የሚጽፍ ደብተራን ያስታውሳል።

በእኔ ግምት የዚህ ኮሜዲ ከባድ ጥያቄ ያለው ሐኪሙ ላይ ሳይሆን ልጅቱ ላይ ነው። ተመልካቹ ጤነኛ መሆኗን ስለሚያውቅ ያለ ጸጸት ይስቃል። በእውነተኛው ዓለም ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መታመሙን የሚያውቀው ሕመምተኛው ብቻ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት ያስመስላል ብለው ይጠረጥሩታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ኃላፊነቱን በሙሉ በሕመምተኛው ላይ ይጥላል፤ ተናግሮ ስላልታመነው ሰው ምንም አይልም። የማስመሰል ኮሜዲ ይህን ጥርጣሬ ሊያጠናክር ይችላል። በተለይ ድዳ፣ ደንቆሮ፣ ሽባ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ስድብ ሆነው በሚያገለግሉበት ቋንቋ፣ ተርጓሚው ሳቅ የሚፈልገውን ያህል በቃላት ምርጫው ላይም መጠንቀቅ ይኖርበታል። ዛሬ በጽሑፍ የለመድናቸው መስማት የተሳነው፣ መናገር የተሳናት የሚሉት አገላለጾች ደግሞ ረዘም ያሉ በመሆናቸው ለኮሜዲ ፈጣን ምልልስ አይመቹም።

ሆኖም ሞሊየር ተመልካቹን በጥርጣሬው አይተወውም። ልጅቱ አንደበቷ ሲፈታ እንደ ጎርፍ ትናገራለች፤ የማታገባውን ሰው እንደማታገባ ደጋግማ ታስታውቃለች። አባቷ መልሰህ ዝም አሰኝልኝ ብሎ ሐኪሙን ይለምናል። እንጨት ፈላጩም ይህን ማድረግ እንደማይችል፣ ከፈለገ ግን አባትየውን ራሱን መስማት የተሳነው ሊያደርገው እንደሚችል ይመልስለታል። የሳቁ አቅጣጫ በዚህ ቦታ ይለወጣል፤ ጉድለቱ ከልጅቱ ምላስ ወደ አባትየው ጆሮ ይዞራል። አባትየው ቀድሞም አይሰማትም ነበርና። አዘጋጁ ይህን ትዕይንት በሩጫ ካለፈው ተውኔቱ አስመሳይ ልጅ እና አጭበርባሪ ሐኪም ብቻ ይሆናል።

ጸጋዬ ከሼክስፒር የመለሳቸው ሥራዎችም ከዚህ ጥያቄ የራቁ አይደሉም። ሐምሌት እብድ መስሎ ይኖራል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚያስመስለውና የእውነቱ ሐዘን መለየት ያስቸግራል። ኦቴሎ በመድረክ ላይ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ አጠገቡ የቆመው ኢያጎ የሚጥል በሽታ ብሎ ይሰይምለታል። በሞሊየር የሚያስቀው ማስመሰል በሼክስፒር ያስፈራል። ሁለቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ የአማርኛ መድረክ ያገናኘው ጸጋዬ፣ የሳቁን በር ቀድሞ ቢከፍትም በኋላ በራሱ ተውኔቶች የተጓዘው ግን በትራጀዲው በኩል ነው። ይህ ለኮሜዲያችን ጉዳት ይመስለኛል።

በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲቀበል ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ ታሰረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱም ሆነ። ይህ ዘመን በሌሎች ጥናቶች በሰፊው ስለተዳሰሰ እናልፈዋለን።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለኩላሊት ሕክምና ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ መኖር ጀመረ። የኩላሊት ድካም የማይታይ ሕመም ምሳሌ ነው ሊባል ይችላል። ኩላሊቶች አብዛኛውን ኃይላቸውን እስኪያጡ ድረስ ግልጽ ምልክት ላይሰጡ ይችላሉ፤ ሕመምተኛው ይራመዳል፣ ይናገራል፣ እንግዳ ይቀበላል። ድካሙን የሚያየው የለም። ደሙን በመሣሪያ የሚያጣራው ዲያሊሲስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህን የሚቀበል ሰው ኑሮውን፣ ጉዞውንና መኖሪያውን ሳይቀር መሣሪያው ባለበት ቦታ ይወስናል። በዚያን ጊዜ ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልነበረ፣ ስለ ኢትዮጵያ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ሰው ከኢትዮጵያ ርቆ እንዲቀመጥ ግድ ሆነበት። በአደባባይ የሚታወቀው ግርማ ሞገሱና ነጎድጓዳማ ድምፁ ስለነበር፣ ከርቀት ለሚያየው ሕመሙ ከሰውነቱ ይልቅ የሚታወቀው በስደቱ ነበር።

የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።