ዶክተር አሊስ ሐሚልተንና የሠራተኛው ልብስ

ዶክተር አሊስ ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1869 በኒውዮርክ ተወልደው በኢንዲያና ግዛት፣ በፎርት ዌይን ከተማ አደጉ። በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በ1897 ቺካጎ ገብተው ሐል ሐውስ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ማዕከል በድኻው ሠራተኛ ጉርብትና ኖሩ።

በ1910 የኢሊኖይ ግዛት ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን እንዲያጠኑ መደባቸው። እሳቸውም በየፋብሪካው እየዞሩ፣ የሆስፒታል መዝገብ እያገላበጡ፣ በየሠራተኛው ቤት እየጠየቁ በእርሳስ የተመረዙ 578 ሰዎችን መዘገቡ። በዚያ ዘመን አሠሪዎች ጥፋቱን እጁን ሳይታጠብ በሚበላው ሠራተኛ ያሳብቡ ነበር። እሳቸው ግን ዋናው ጠላት ከሥራው የሚነሣው አቧራና ጢስ መሆኑን አስረዱ።

በ1911 የወጣው የግዛቱ ሕግ፣ ከእርሳስና ከመሰል መርዞች ጋር ለሚሠሩ ሁሉ መታጠቢያ፣ ለሥራ ብቻ የሚውል ልብስና ወርኃዊ የሐኪም ምርመራ እንዲዘጋጅ አስገደደ። የሥራው ልብስ ከፋብሪካው ደጅ ካልወጣ፣ አቧራው ልብስ አጣቢዋን ሚስትም ሆነ አባቱን ሮጦ የሚያቅፈውን ሕፃን አያገኝም።

በ1919 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1970 በ101 ዓመታቸው ዐረፉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ወደ ሠራተኛው ቤት የሚገባው ብክለት እንዲጠና በሕግ ያዘዘው ግን በ1992 ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ ልብስ መለወጫውንና መታጠቢያውን ከመሣሪያው እኩል ሊያስብባቸው ይገባል።