በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፤ በሁከት ዘመን ወደ እርሻና ወደ መጽሐፍ የተመለሱ ሰው

ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚያስተምረን ሰው ንጉሥ ወይም ዳኛ ወይም የጦር አለቃ ከመሆኑ አስቀድሞ አትክልተኛ ነበረ። እግዚአብሔር አዳምን ከፈጠረው በኋላ በገነት ያኖረው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው፤ ዙፋንና ሰይፍ፣ ሹመትና ሽረት የመጡት ከውድቀት ወዲህ ነው። ጌታችንም ከሙታን በተነሣ ጊዜ ማርያም መግደላዊት አስቀድማ ስታየው አትክልት ጠባቂ መስሏት ነበር። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም በበረሃ ሳሉ ጥቂት ምድር ቈፍረው እህልና አትክልት ይዘሩ እንደ ነበር በገድላቸው ተጽፏል። ስለዚህ የመንግሥት ነገር ሲታወክና የሰው ልብ ሲናወጥ ወደ ምድርና ወደ መጽሐፍ የሚመለስ ሰው ወደ ፊተኛው ሥራው ተመለሰ ይባላል እንጂ ሥራ ፈታ አይባልም።

ይህን ነገር በቃል ብቻ ከማስረዳት በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት ይሻላልና፣ በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ መጽሐፍ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን። እርሳቸው በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥትና በሸንጎ የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ የእድሜያቸውን መጨረሻ ያሳለፉት ግን ከከተማው ርቀው በሐረርጌ፣ በጨርጨር ምድር፣ ሂርና በምትባል ስፍራ ነው። የታላቅ ሰው ታሪክ ሲነገር ሹመቱ ይቈጠራል፤ እኛ ግን ሹመቱ ካለቀ በኋላ የሆነውን ልንመለከት እንፈልጋለን።

ስማቸው ራሱ ለባለ ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚሆን ነው። ተክለ ሐዋርያት ማለት በግዕዝ የሐዋርያት ተክል ማለት ሲሆን፣ የአባታቸውም ስም ተክለ ማርያም የማርያም ተክል ማለት ነው። በሰሙ የረካ ሰው የክርስትናን ስም ብቻ ያያል፤ ወርቁን የፈለገ ግን ተነቅሎ የተተከለ፣ ደግሞ ተነቅሎ የተተከለ፣ በመጨረሻም ራሱ ተካይ የሆነ ሰው ታሪክ ያገኝበታል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት በሆነ ጊዜ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሁለት ዓመት ብዙ ሳያልፍ ከጌታቸው ጋራ ዘምተው ነበርና፣ የኢትዮጵያን ድልና የጦርነትን መከራ በሕፃን ዓይን አዩ። ከዚያም በኋላ ሌዎንቲየፍ ከተባለው ሩሲያዊ ጋራ ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያም ሞልቻኖቭ የተባለ የጦር መኰንን ቤተ ሰብ እንደ ልጅ አድርጎ ተቀበላቸው፤ በጴጥሮስበርግ ከተማም በመድፈኛ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ከአገራቸው ርቀው ከዐሥር ዓመት በላይ ስለ ተቀመጡ፣ ከሐበሻ ምድር የተነቀለው ችግኝ በበረዶ አገር ሥር ሰደደ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህ የመጀመሪያው መነቀል ነበር።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ያሰቡትን አላገኙም። ዳግማዊ ምኒልክ ታመው፣ መኳንንቱም እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ነበር። ተክለ ሐዋርያት የተማሩትን ለአገር ለመስጠት ቸኰሉ፤ አገር ግን አልቸኰለችም። ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውንም ድርሰት ጻፉ። ይህ ድርሰት በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያው ቲያትር ሲሆን፣ አውሬዎች እንደ ሰው እየተነጋገሩ የአስተዳደርን ጕድለት የሚያሳዩበት ነው። ምሳሌ መስሎ የቀረበውን ነገር ታላላቆቹ ስለ ተረዱት ድርሰቱ ተከለከለ። ቅኔ የተማረ ሁሉ ይህን ያስተውለዋል፤ ወርቁ ገሃድ ሲወጣ ባለ ቅኔው በሰሙ ሊሸሸግ አይችልም። ከተከሏቸው ተክሎች አንዱ እንዲህ ሳያብብ ተቈረጠ።

ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት ቀን፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ተክለ ሐዋርያት በጉባኤው ፊት ከተናገሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጅጅጋ፣ ቀጥሎም በጨርጨር ገዥ ሆኑ። በጨርጨር ሳሉ አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ ቈረቈሩ፤ እርሷም ዛሬ ጭሮ ተብላ የምትጠራው ናት። የጨርጨር ደጋ ቡናና ማሽላ የሚያበቅል ለም ምድር ነው፤ እርሳቸውም አውራጃውን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የሚሆን አድርገው ለማስተዳደር ደከሙ። በዚያ አገር ያደረባቸው ፍቅር ኋላ ሁሉን ባጡ ጊዜ የት እንደሚመለሱ ያመለከታቸው ይመስለናል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑና በጅሮንድ ተባሉ። በዚያው ዘመን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። እርሳቸውም በአብዛኛው የጃፓንን ሕገ መንግሥት እየተመለከቱ ጻፉት፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ከዚያም በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር የአገራቸው እንደራሴ ሆኑ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢጣልያ ጦር ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋራ በተዋጋ ጊዜ፣ የአገራቸውን እውነት በዚያ ሸንጎ ፊት ካስረዱት ሰዎች ዋናው እርሳቸው ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የማይጨው ጦርነት ሆነ።

የንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር መሄድ በተመከረ ጊዜ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከአገር መውጣት አይገባም፣ በየጫካውና በየተራራው መዋጋት ይሻላል ሲሉ ተቃወሙ። ምክራቸው ሳይፈጸም ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ተክለ ሐዋርያትም ተሰደዱ፤ በመጀመሪያ በጅቡቲ፣ በኋላም በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በማዳጋስካር ደሴት ተቀመጡ። ይህ ሁለተኛው መነቀል ነበር። ሀገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜም እንደ ሌሎቹ ስደተኞች ወዲያው አልተመለሱም፤ በመካከሉ የነበረው ቅሬታ ጽኑ ነበርና ብዙ ዓመት በባዕድ አገር ቈዩ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ማንሣት ይገባል። እርሳቸው በስደት ሳሉ፣ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ስፍራ ስሙን አገኘ፤ ስሙ ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች የኢጣልያንኛ መጠሪያ የመጣ ነው። የጎረቤቱ ሰፈር ስም ደግሞ የሕፃኑ ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ እርሱም ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋራ ስለ ሃይማኖቱ ከአገሩ የተሰደደ ነበረ። እንግዲህ የሰፈራችን ስሞች ሁለቱም ስለ ቤትና ስለ ስደት የሚናገሩ ናቸው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከስደት ሲመለሱ ወደ ሹመት አልተመለሱም። ወደ ሂርና ሄደው እርሻቸውን ያዙ። የመድፍ ትምህርት የተማሩ፣ ሕገ መንግሥት የጻፉ፣ በጄኔቭ የተከራከሩ ሰው፣ እድሜያቸው ሰባ ዓመት ሲቃረብ የዘርና የአጨዳ፣ የዝናምና የፀሐይ ነገር ዋና ጕዳያቸው ሆነ። ምድር ከሸንጎ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በሸንጎ ሰው ስንዴ ዘርቶ እሾህ ሊያጭድ ይችላል፤ ምድር ግን ድርቅና አንበጣ ቢመጣባትም የተዘራባትን ዓይነት በሌላ አትለውጥም። በሰው የቃል መለዋወጥ የቈሰለ ልብ ከዚህ የምድር ታማኝነት ዕረፍት ቢያገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከእርሻውም ጋራ መጽሐፍ ነበረ። በአማርኛ፣ በሩሲያኛና በፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችሉ ሰው ስለ ነበሩ፣ በገጠር መቀመጣቸው ከዓለም እውቀት አላራቃቸውም። ከዚህም በላይ የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው አኑረዋል። ይህ ጽሑፍ እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል። የልጃቸውም የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተባለው ልብ ወለድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የታወቀ ነው። የአባት ተክል በልጅም አፈራ ማለት ነው።

ዳሩ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እንጨምር። ተክለ ሐዋርያት ያዩትን የረሱ ወይም የለዘቡ ሰው አልነበሩም። በጻፉት ታሪካቸው በዘመኑ አስተዳደርና በንጉሠ ነገሥቱም ላይ ያላቸውን ነቀፌታ አልሸሸጉም። ስለዚህ እኛ የልብ ዕረፍት የምንለው ዝምታን ወይም መርሳትን አይደለም። ቍጣ ያለበት ልብ እጁ ሥራ ካላገኘ ራሱን ይበላል፤ እጁ ሲሠራና ዓይኑ ሲያነብ ግን ቍጣው ወደ ምስክርነት ይለወጣል። የገዳማት ሥርዐት ጸሎትን ከመጽሐፍና ከእጅ ሥራ ጋራ ያስተባበረው ይህን ስለሚያውቅ ነው። መነኵሴ እንኳ በጸሎት ብቻ እንዲውል አልታዘዘም፤ ሐሳብ ሥራ ሲፈታ ወዴት እንደሚሄድ አበው ያውቁ ነበርና።

በእርጅናቸው ዘመን ሌላ ማዕበል መጣ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፣ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኢትዮጵያ ገጠር ማንም ሰው ምድርን የግሌ ነው ሊል አልቻለም። በዚያን ጊዜ ተክለ ሐዋርያት የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸውን ብንቈጥር፣ ቲያትራቸው ተከልክሎ ነበር፤ ሕገ መንግሥታቸው በ1948 ዓ.ም. በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተከራከሩበት የመንግሥታት ማኅበር ፈርሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የምድሩ ሥሪት ተለወጠ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ ሁሉ ድካም ማንም በአዋጅ ሊሽረው ያልቻለው የሚያውቁትና የጻፉት ነው።

ይህን ታሪክ በዚህ ወራት የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በዚህ የኖሩ ምእመናን ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ከቤቱ ጋራ ጓሮውም ሄደ፤ የጌሾው ዛፍ፣ የበሶብላው መደብ፣ በደጅ ላይ የበቀለው ጤና አዳም፣ ለማኅበር ጠላ የሚጠመቅበት ጥላም ሄደ። እናቶቻችን ለበዓል ከሩቅ ሰፈር በሌሊት ተነሥተው ሲመጡ ስናይ፣ ደብሩ ሥር እነርሱ ቅርንጫፍ እንደ ሆኑ እናስታውሳለን። ኀዘናቸውን በቃል ብቻ ልናቀልላቸው አንችልም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ የተነቀለ ሰው በምን እንደ ቆመ ልንነግራቸው እንችላለን።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ሆይ፣ ወደ አዲሱ መኖሪያ ስትሄዱ ቤት ባርካችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ዳዊት የሚደግም ልጅ እንዳለ ጠይቁ፤ ከሌለም ፊደል የሚያስቈጥር ሰው ፈልጉ። ምእመናን ሆይ፣ ምድር ባታገኙ በጣሳ ትከሉ፤ አንድ ጤና አዳም በመስኮት ላይ ቢበቅል የቀድሞውን ደጅ ሽታ ለልጆቻችሁ ያወርሳል። ማታም ከዜናው ሁከት በፊት፣ ቢሆን ከእርሱ ይልቅ፣ አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ የሂርናውም እርሻ ከጄኔቭ ሸንጎ ጋራ ሲተያይ ትንሽ ነገር ነበር።

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋራ ያኑርልን። ከሰፈራቸው የተነሡትን በሄዱበት ይትከላቸው፤ የቀሩትንም በፍቅር ያጽናቸው። የተከልነውን የሚያሳድግ፣ ያነበብነውን በልብ የሚያኖር አምላካችን ይህን በዓል ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።