አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ በኋላ

የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን፣ በቶኪዮም ድሉን መድገሙን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን አብዛኞቻችን ታሪኩን የምናቆመው ቶኪዮ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የኖራቸው ዘጠኝ ዓመታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋሉ፤ መኪናው ተገልብጦ ተጎዳ፣ በኋላም ሞተ እንላለን፤ አበቃ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ላይ ጥቂት መቆየት ነው። ያሸነፈ ሰው ደጋፊ አያጣም፤ የደጋፊ ፍቅር የሚመዘነው ሯጩ ሲደክም ነውና።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ልጅ ሳለ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ገና ይጫወት ነበር። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደዚያ አገር አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው መገናኛንና ኮተቤን አልፎ፣ የከተማው ባቡር መጨረሻ የሆነውን አያትን ተሻግሮ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ ወደ ሸኖና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። አንባቢ ይህን መንገድ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሮሙን ድል ሁሉም ስለሚያውቀው በአጭሩ እንለፈው። ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተፈጸመ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያዘጋጁት ይህ ወታደር የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጎን ለጎን ይዞት ቆየና፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአክሱም ወስደው በዚያ ካቆሙት ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ይህን ለማየት አልታደለም። ከድሉ ሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሲነሡ እርሱም ከባልደረቦቹ ጋር ተይዞ ነበረ፤ ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ተለቀቀ።

ለቶኪዮ ውድድር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበረ። እርሱ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደ ገና የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ፣ አበበ በሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያፍታታ ነበረ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሁለት ጊዜ ድል ያየ ደጋፊ ሦስተኛውን እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በደጋ ለኖረው ኢትዮጵያዊ ድሉ የተዘጋጀለት መስሎ ይታይ ነበር። የሰው ገላ ግን የራሱ ሒሳብ አለው። አበበ በሐምሌ 1959 ዓ.ም. እግሩን ተጎዳ፤ ጉዳቱም ተመላለሰበት። በዕድሜው ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን ያሸነፈው ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መጨረስ አልቻለም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሰለፍ ዕድሜው 36 ነበረ፤ እግሩም አልዳነም። ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ቆመ። ከመውጣቱ በፊት ግን ወደ ባልደረባው ወደ ማሞ ወልዴ ዞሮ ድሉን አደራ እንዳለው ማሞ ራሱ በኋላ ይናገር ነበር። ማሞም የእርሱ እኩያ፣ የ36 ዓመት ሰው ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ አግኝቷል፤ ማራቶኑንም ከተከታዩ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ አሸነፈ። ስለዚህ የሜክሲኮን ውድድር የአበበ ሽንፈት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። በዚያች ደቂቃ ሻምፒዮኑ ራሱ ደጋፊ ሆነ፤ መሮጥ ሲያቅተው የሚሮጠውን አበረታ። ከእርሱ ድሎች መካከል ሰው የማይቆጥረው ይህ ነው።

አምስት ወር ካለፈ በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ቀደም ብለን ባነሣነው መንገድ ላይ በሸኖ አጠገብ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። በማግሥቱ ነው ተገኝቶ ወደ ሆስፒታል የተወሰደው። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች ወደሚታከሙበት ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። በመጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ለስምንት ወር ያህል ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን ቀሩ።

በዚያ በተኛበት ጊዜ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጎበኙት፤ ከዓለም ማዕዘን ሁሉም የመልካም ምኞት ካርድ ይጎርፍለት ጀመር። እነዚህን ካርዶች የጻፉት ሰዎች ምን ይጠብቁ ነበር? ሜዳልያ አይደለም፤ አበበ ከእንግዲህ እንደማይሮጥ ያውቃሉ። ደጋፊ ሁለት ዓይነት ነው ለማለት የሚያስደፍረኝ ይህ ነው። አንደኛው ሜዳልያውን ይወዳል፤ ሜዳልያው ወደ ሌላ ሲሄድ እርሱም ይከተላል። ሁለተኛው ሰውዬውን ይወዳል፤ ስለዚህ ሰውዬው ባለበት ይገኛል።

አበበም ለዚህ ፍቅር የሚገባውን መልስ ሰጠ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ፣ በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደው ሰው ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በመክፈቻው ዕለት በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ከሮሙ ድል በኋላ ልክ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ ወጣ፤ ማሞ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆነ። ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። አዲሱ ባለድል መጀመሪያ ሊያከብር የፈለገው የቀድሞውን ነበረ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ ቀባሪው ሕዝብ ወደ 65,000 ይገመት ነበር። ይህ ሕዝብ የመጣው ከስምንት ዓመት በላይ አንድም የኦሊምፒክ ድል ላላመጣለት ሰው ነው። ማሞ ወልዴም በግንቦት 1994 ዓ.ም. ሲሞት በዚያው በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።

ዛሬ ከአያት ተነሥቶ በማለዳ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ የሚሄድ፣ ወይም እንጦጦ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ዳር ብዙ ሯጮችን ያያል። ጥቂቶቹ ሜዳልያ ያገኛሉ፤ ያገኙትም አንድ ቀን ይሸነፋሉ። እኛ ደግሞ በክበባችን ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን እንፈርድባቸዋለን፤ አርጅቷል፣ ይበቃዋል፣ ለሌላ ይልቀቅ እንላለን። ከግንባር ቀደሞቹ በኋላም ማያውን ትተን እንወጣለን። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የአያቶቻችን ትውልድ ለአበበ ያደረገውን እናስታውስ፤ በሚመጣው ውድድር አንድ አንጋፋ ሯጭ ወደ ኋላ ሲቀር ብናይ፣ እስኪገባ ድረስ ተቀምጠን እንጠብቀው።