ኮንራድ ዋዲንግተን፦ ኤፒጄኔቲክስን የሰየሙት ሳይንቲስት

የጉበትና የአንጎል ሕዋሳት በአንድ ሰው አካል ውስጥ የሚሸከሙት የጂን ስብስብ በመሠረቱ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ሥራቸውም መልካቸውም ፈጽሞ የተለያየ ነው። የዚህን ልዩነት ምንጭ በመመርመር ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ሃል ዋዲንግተን፣ ዛሬ ኤፒጄኔቲክስ ለሚባለው የምርምር ዘርፍ ስያሜውን የሰጡ ሰው ናቸው።

ዋዲንግተን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1905 በእንግሊዟ ኢቭሻም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በደቡብ ሕንድ በሻይ እርሻ ይሠሩ ስለነበር የጨቅላነት ጊዜያቸውን በዚያ አሳለፉ። በአራት ዓመታቸው ግን ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ በዘመዶቻቸው እጅ እንዲያድጉ ተደረገ። ወላጆቻቸው እስከ 1928 በሕንድ ቆዩ።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድርን ካጠኑ በኋላ ፊታቸውን ወደ ጽንስ ምርምር አዞሩ። በ1930ዎቹ ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ ከአንድ የወፍ ጽንስ የተወሰደ የሕዋሳት ክፍል በሌላ ጽንስ ላይ ሲተከል አዲስ የነርቭ ሥርዓት መፈጠር እንዲጀምር ሊያደርግ እንደሚችል አሳዩ። ጂኖች በጽንሱ ዕድገት ላይ እንዴት እንደሚያዙ የሚመረምረውን ጥናት በ1942 ኤፒጄኔቲክስ ሲሉ ሰየሙት። በዚያው የጦርነት ዘመንም የብሪታንያ አየር ኃይል የጠላትን ሰርጓጅ መርከቦች ለመከላከል ባካሄደው ሳይንሳዊ ጥናት ተሳትፈዋል።

በ1947 በስኮትላንድ የኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጄኔቲክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ የሕዋስን ዕድገት ከተራራ አናት ወደ ታች በምትንከባለል ኳስ መሰሉት፤ ኳሷ በመንገዷ ከሚያጋጥሟት ሸለቆዎች አንዱን ከያዘች በኋላ ወደ ሌላው ለመሻገር ይከብዳታል።

ሥራቸው ያለ ተቃውሞ አልታለፈም። የዝንብ ሙሽሬዎችን በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አቆይተው የክንፍ ለውጥ ያሳዩትን ለይተው ሲያራቡ፣ ከበርካታ ትውልዶች በኋላ ለውጡ ያለ ሙቀቱም መታየት ጀመረ። አንዳንድ ባልደረቦቻቸው ይህን የተሻረውን የላማርክ አስተሳሰብ እንደ መመለስ ቆጠሩት። ዋዲንግተን ግን ሙቀቱ ቀድሞ የነበረውን የተሰወረ የዘር ልዩነት እንዳወጣና መራጩ እንዳጠናከረው አስረዱ።

ጂኖች በሕዋስ ውስጥ በምን ስልት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ግን በሕይወት ሳሉ መልስ አላገኙም። በእሳቸው ተቋም ውስጥ ትሠራ የነበረችው ሜሪ ላየን፣ በ1961 በሴት አጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበች። ዋዲንግተን በሴፕቴምበር 26 ቀን 1975 በ69 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ሁለት የተለያዩ ጥናቶች፣ በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ጂኖችን ሊቆጣጠሩ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ።

በ1984 ደግሞ በካምብሪጅና በፊላደልፊያ የተካሄዱ ሙከራዎች፣ የዘር ውርሳቸው በሙሉ ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የሆነ የአይጥ ጽንሶች ለልደት እንደማይበቁ አረጋገጡ። አንዳንድ ጂኖች ከየትኛው ወላጅ እንደመጡ የሚያመለክት አሻራ እንዳለባቸው ታወቀ። ለጽንስ ዕድገት የሚያስፈልገው አይጂኤፍ 2 የተባለው ጂን ለምሳሌ፣ በአብዛኛው የሚሠራው ከአባት የተወረሰው ቅጂ ነው፤ የእናት ቅጂ ዝም ይላል።

የዚህ አሻራ መዛባት በሰው ልጅ ላይ እንደ ፕራደር ዊሊና አንጀልማን ያሉ ሕመሞችን ያስከትላል። ዛሬ ሐኪሞች የእነዚህን ሕፃናት ሕመም መንስኤ ለወላጆች ሲያስረዱ የሚጠቀሙበት ዕውቀት፣ ዋዲንግተን ስም ሰጥተውት ባለፉት ዘርፍ የተገኘ ነው።