እቴጌ ጣይቱ፦ ከዓድዋ በኋላ ያለው ሌላው ትግላቸው

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለኛ ለወልዲያና ለሀብሩ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። የዘር ሐረጋቸው ከየጁ ይመዘዛል፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡልም የየጁ ገዥ ነበሩ። ዓድዋን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የምናነሳው ግን አስታማሚዋን ጣይቱን ነው።

ዐፄ ምኒልክን ስትሮክ ደጋግሞ መታቸው። የጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ከባዱ ነበር፤ ሰውነታቸው ሰለለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። እቴጌ የመንግሥቱንም ሥራ፣ የበሽተኛውንም አልጋ ያዙ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መኳንንቱ ሥልጣኑን ወስደው ማስታመሙን ብቻ ተዉላቸው። እሳቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 1906 እስኪያርፉ አስታመሙ። ከዚያ እንጦጦ ወጡ፤ የካቲት 1910 አረፉ።

ያኔ የደም ግፊት ክኒን አልነበረም። ዛሬ አለ። ስትሮክ በተደጋገመ ቁጥር አንጎልን እየጎዳ የመርሳት በሽታ ያመጣል። የተጎዳውን መመለስ ቢከብድም ቀጣዩን መከላከል ይቻላል፦ ግፊትና ስኳር መለካት፣ የታዘዘ መድኃኒት አለማቋረጥ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መተው፣ በእግር መሄድ። ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ እዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት!

አባታችን የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው እርጅና ነው ብለን አንለፈው፤ መርሳም ይሁን ወልዲያ ወስደን እናስመርምራቸው። እናታችንንም ብቻቸውን አስታማሚ አድርገን አንተዋቸው። ተራ እንግባ።